ወደ ዛንዚባር በመኪና

ስለ ሽምደዳ ብዙ ክፉ ተወርቷል። ምቀኝነት ነው። በተለይ ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ሽምደዳ ወደ ጥበብ ከፍ ብሏል፣ ስሙም ኒሞኒክ ሆኗል። 206 አጥንት ያለውን ሰውነት ዶርም አልጋ ላይ ተጋድመህ፣ የአስከሬን ማቆያው ፎርማሊን ዓይንህን ሳያቃጥልህ የምትጨርስበት ዘዴ ነው። ምን ይወጣለታል?

የእጅ አንጓን ውሰዱ። 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት፦ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኬትረም፣ ፒሲፎርም፣ ትራፔዚየም፣ ትራፔዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። ይህን ማን ይይዘዋል? ደግነቱ ሲኒየሮች ለጀማሪ የሚያወርሱት አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሰም ላቨርስ ትራይ ፖዚሽንስ ዛት ዘይ ካንት ሃንድል»። የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል የአንዱ አጥንት ስም መነሻ ነው። ትርጉሙን አልጽፈውም፣ እናቶች ያነባሉ። ልጁ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ዲያቆን ቢሆንም ችግር የለም፣ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እርግጥ በ«ቲ» የሚጀምሩ 3 አጥንቶች ስላሉ የትኛው «ትራይ» የትኛው «ዛት» እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ አይነግርህም። አታስብ፣ ለዚያም ሌላ ኒሞኒክ አለው።

ችግሩ በሽተኛ የሚባል ነገር መኖሩ ነው። ከሞተር ወድቆ በመዳፉ መሬቱን የተደገፈ ጎረምሳ ይመጣል፤ አውራ ጣቱ ግርጌ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ጫን ስታደርጋት ይጮኻል። እሷ ስካፎይድ ናት። ደም በብዛት የሚደርሳት ከጣት በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሆነ፣ ስብራቷ ሳይታወቅ ከታለፈ ከፊሏ ሊሞት ይችላል፤ የመጀመሪያው ራጅ ላይም አንዳንዴ ድራሿ አይገኝም። የኛ ጀግና ታዲያ ምን ያደርጋል? ስምንቱንም በቅደም ተከተል ይዘረግፋቸዋል። እጁን ግን አይነካውም። ለምን ይንካው? ፈተና ላይ የመጣው ዝርዝሩ ነዋ!

አከርካሪ ላይ ስንደርስ ጥበቡ ይጠልቃል። አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5። ይህንን ፈረንጆቹ በምግብ ሰዓት ይይዙታል፦ ቁርስ በ7፣ ምሳ በ12፣ እራት በ5። እኛም እንደወረደ ተቀበልነው። በ7 ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሐበሻ እንቅልፍ የጣለው ብቻ ነው፤ በ5 ሰዓት እራት ፍለጋ ቢወጣ ደግሞ ካፌው ከተዘጋ ቆይቷል። ፈተና ላይ ደንግጦ ሰዓቱን ወደ አበሻ የቀየረ ተማሪ የሚያገኘውን አስሉት፦ አንገት 1፣ ደረት 6፣ ወገብ 11። ድምሩ ከ24 ወደ 18 ወረደ። ሰውዬው አንገቱ አጠረ እንጂ ወገብስ ተርፎታል።

12ቱ የራስ ቅል ነርቮች ደግሞ በሌላ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ኦሊምፐስ ተራራ ላይ ወጥተው የቢራ ተክል የሚመለከቱ አንድ ፊንላንዳዊና አንድ ጀርመናዊ ተቀጥረውላቸዋል። ነርቮቹ ምን እንደሚሠሩ አይጠየቅም።

(በቅንፍ ልመን፦ «ሲ 3፣ 4፣ 5 ዳያፍራምን በሕይወት ያቆያሉ» የምትለዋ ግን አታስቀይምም፤ ሲዎቹ የአንገት ነርቮች፣ ዳያፍራም ደግሞ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው። ህብለ ሰረሰር ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ሰውዬው በራሱ መተንፈስ እንደማይችል አብራ ትነግርሃለች። ለዚህ ይሆናል እንደሌሎቹ የማታስቀው።)

የሁሉም ንጉሥ ግን የፊት ነርቭ ነው። 5 ቅርንጫፎች አሉት፦ ቴምፖራል፣ ዛይጎማቲክ፣ በካል፣ ማንዲቡላር፣ ሰርቫይካል። መያዣቸው «ቱ ዛንዚባር ባይ ሞተር ካር»። ዛንዚባር ደሴት ናት፣ በመኪና አይደረስባትም፤ ግን ባሕር ያላቆመውን ተማሪ ጂኦግራፊ አያቆመውም።

አንድ ማለዳ ፊታቸው በአንድ ወገን የተጣመመ እናት መጡ እንበል። «ብርድ መታኝ» ይላሉ። «እማማ፣ እስቲ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» ቢባሉ ግማሹ መንገድ አለቀ፤ በዚያ ወገን ግንባራቸውም እንቢ ካለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ነርቩ ራሱ ጋ ነው፣ ግንባራቸው እየታዘዘ ከንፈራቸው ብቻ ከወረደ ግን ጭንቅላት ውስጥ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ ነው። ኢንተርናችን ግን ጋውኑን አስተካክሎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቱ ዛንዚባር፣ ባይ ሞተር...

«ልጄ፣» ይላሉ እማማ፣ «ጸሎቱስ ደግ አደረግህ፤ ዓይኔ እኮ አልከደን ብሎኝ ነው የመጣሁት።»