«ኬንያ ምን ሐጃ አላችሁ?»

ከደሴ ተነስቶ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ለምን ይሄዳል? ሰፈሬን ብትጠይቁ መልሱ ያለቀ ነው። ዐረብ አገር ለሥራ። ለሐጅ ወይም ለኡምራ። ኢየሩሳሌም ለመሳለም። ለሕክምና። ከነዚህ ካልሆነ ሊጠፋ ነው። «ልጆቼን ባሕር ላሳያቸው ብዬ ነው» የሚል ሰው እስካሁን በቅሬያችን፣ በሰፈር ዕድራችን ማለት ነው፣ አልተሰማም።

እኛ ደግሞ ያሰብነው ይህንኑ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና አማቴ በክረምቱ ዕረፍት ናይሮቢ፣ ከዚያ በባቡር ሞምባሳ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ለብቻችን። ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚሄድ ሰው ሳይኖር፣ ሲደክመን እያረፍን፣ ደስ ባለን ቦታ እየቆየን። ወሬው ከወጣ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ቲኬት ቆራጩም፣ ባንኩም ተማክረው የመጡ ይመስል የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ለምን ከግሩፕ ጋር አትሄዱም?

እስቲ ስለ ግሩፑ እናውራ።

ማስታወቂያውን አይታችሁታል፣ በየቴሌግራሙ ይዞራል። «ዱባይ 5 ቀን 4 ሌሊት፣ ሁሉንም ያካተተ።» ቡርጅ ኸሊፋ፣ የበረሃ ሳፋሪ፣ ጀልባ ላይ እራት። ፎቶው ያስጎመጃል። ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን ግን አጉልታችሁ አንብቡት። «ዋጋው ለአንድ ሰው፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር።» እኛ አምስት ነን። አምስት ለሁለት አይካፈልም። ደውዬ ስጠይቅ «አንዷ ተጨማሪ ትከፍላለች» ተባልኩ። አንዷ ማለት አማቴ ናት። በስተርጅና፣ በማታውቀው አገር፣ ብቻዋን ክፍል ትደር፣ ለዚያውም ጨምራ ከፍላ!

ቀጥሎ «መነሻ አዲስ አበባ» ይላል። ሁሉንም ያካተተው ጉዞ ደሴን አያካትትም። ከኛ እስከ ቦሌ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ወይ ከኮምቦልቻ ትበራላችሁ፣ ወይ ለምታውቁት ሾፌር ደውላችሁ «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብላችሁ በጣርማበር በኩል ትሄዳላችሁ። በረራው ማለዳ ከሆነ ከነልጆቹ አዲስ አበባ ማደር አለ። የአዲስ አበባው ሰው ራይድ ጠርቶ ሻንጣውን ሲጭን እኛ ከቤት ከወጣን ውለን አድረናል። ይህ ሁሉ ወጪ በማንም ፓኬጅ ውስጥ የለም። ታዲያ ይህን ያህሉን እኔው አቅጄ፣ እኔው ከፍዬ ከሄድኩ የቀረውን ማቀድ ምን ያቅተኛል?

ፕሮግራሙማ አይነሳ። ጠዋት 1 ሰዓት ሁሉም ሰው አውቶብስ ውስጥ። አማቴ ቡናዋን እስከ በረካ ሳትጠጣ ከቤት ወጥታ አታውቅም። በረካ እስኪደርስ የሚጠብቅ የትኛው አውቶብስ ነው? ትንሹ ልጄ ኮምቦልቻ ለመውረድ እንኳ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ፌስታል የሚያዝለት ነው። አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው ለሱ ብሎ ይቆማል? ከዚያ ወርቅ ቤትና ሽቶ ቤት ይዘዋችሁ ይገባሉ። እዚያ ማንም አይቸኩልም፣ አስጎብኚው ከሱቁ የሚቆረጥለት ነገር አለ። ባሕሩ ዳር ስትደርሱ ነው «ሃያ ደቂቃ አላችሁ» የሚባለው።

ግሩፕ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ለኡምራ ከሆነ ዐረብኛ የማይችል፣ ሥርዓቱን ገና የሚጀምር ሽማግሌ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሄድ ተገቢ ነው። እኔም አባቴን የምልከው በግሩፕ ነው። ልጆች ከአያታቸው ጋር አሸዋ ላይ ለመቀመጥ ግን መሪ የሚቀጠርላቸው ለምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚያበግነኝ የሰው ጥርጣሬ ነው።

ቡና ላይ ነገሩን ያነሳሁ ዕለት አንዷ ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ኬንያ ምን ሐጃ አላችሁ?» አለችኝ። ምንም ሐጃ የለንም፣ ለማየት ነው አልኳት። «ለማየት» ብላ ደገመችው። ትንሽ ዝም ብላ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ፍሪጁን የምትሸጪው ከሆነ ለኔ አስቀድሚኝ።» ወላሂ ነው የምላችሁ! ከዚያ በኋላ ቤቴ በመጣች ቁጥር ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። አንድ ቀን በሩን ከፍታ የላስቲኩን ጥንካሬ በጣቷ ስትሞክር ደረስኩባት።

አክስቴ ደግሞ በርበሬ ቋጥራ መጣች። ቤሩት ላለችው ልጇ እንዳደርስላት ነው። እትዬ፣ እኛ የምንሄደው ኬንያ ነው፣ ቤሩት ሌላ አቅጣጫ ነው ብላት «ሁለቱም ውጭ አይደሉም እንዴ?» ብላ ተቀየመችኝ። በርበሬው እስካሁን ጓዳ ተቀምጧል።

የባለቤቴ አጎት ማምሻውን ጋቢያቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። አረፍ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ የሞያሌን መንገድ ማን የማያውቅ አለ? ደቡብ አፍሪካ ልትሻገሩ ከሆነ ለኛ አትደብቁን» አሉት። ቲኬቱ ደርሶ መልስ መሆኑን ስልኩ ላይ አሳያቸው። «እሱንማ የሚጠፋውም ይቆርጠዋል» አሉና አረፉት። አይፈረድባቸውም። የሳቸው የራሳቸው ልጅ በጅቡቲ አድርጎ፣ የመንን ተሻግሮ ሳዑዲ እስኪደርስ ስንት ወር ድምፁ ጠፍቶባቸው እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። እዚህ አገር ልጇን ሸኝታ በስልክ ድምፅ የምትኖር እናት በየቤቱ አለች። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው ምን አሉ? «ቢያንስ ከግሩፕ ጋር ብትሄዱ ይዟችሁ የሚመለስ ሰው ይኖር ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ሰው ግሩፕ ግሩፕ የሚለኝ ዋስ እንዲኖረን ብሎ ነው። በሬውን ወስዶ ያልመለሰ ጎረቤት ሆነናል፣ ያለ ዋስ አንታመንም። የባለቤቴ አጎትስ ይሁኑ፣ ወደው አይደለም። ያለፉበት ነገር አለ። የሌላው ግን ምን ይባላል?

ቲኬት ቆራጩን እንውሰድ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለ ስምምነት ነው። ሰውዬው ግን ሒሳቡን ጽፎ ሲሰጠኝ በእያንዳንዳችን ላይ «የቪዛ ማስፈጸሚያ» የሚል አለበት። የምን ቪዛ? ብለው፣ «ያው ለፕሮሰስ ነው እህቴ» አለኝ። የምን ፕሮሰስ? «እንግዲያው ግሩፕ ብትገቡ ይሻላችኋል፣ ለግለሰብ ብዙም አንሠራም።» ለግለሰብ! አምስት ነፍስ ይዤ ቆሜ ግለሰብ ሆንኩ።

እሺ ብዬ ቲኬቱን ራሴ በስልኬ ያዝኩት። እዚያ ደግሞ ፎርሙ አለ። የቤተሰብ ስም ሙሉ ይላል። የፈረንጅ ቤተሰብ ሁሉም አንድ ስም ይጽፋል፣ አለቀ። የኔ መጨረሻ የአያቴ ስም ነው። የባለቤቴ መጨረሻ የሱ አያት ስም ነው። የልጆቹ መጨረሻ የባለቤቴ አባት ስም። አማቴ የራሷ አያት። ወረቀት ላይ ስንታይ ታክሲ ተራ ላይ የተገናኘን ሰዎች ነን። ኮምፒውተሩ ከወላጅ አጠገብ ልጅ ማስቀመጡን ትቶ አንዱን 11ኛ ረድፍ፣ አንዱን 27ኛ ሰጠን። ስለዚህ የልጆቹን የልደት ካርድ አውጥተህ፣ በእንግሊዝኛ አስተርጉመህ፣ ማኅተም አስመትተህ መያዝ አለብህ። ኢሚግሬሽን «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ሲል የምታሳየው እሱን ነው።

የአማቴ ፓስፖርት ብቻውን አንድ ታሪክ ነው። የተወለድሽበት ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሲሏት «በ66ቱ ድርቅ ውሃ የምቀዳ ልጅ ነበርኩ» አለች። ለሷ ይህ በቂ ማስረጃ ነው፣ ለወሎ ሰውም በቂ ነው። ጸሐፊዋ ግን ቀን ትፈልጋለች። ክርክሩ ካለቀ በኋላ የሆነ ቀን ተጻፈላት፣ እሱም ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ሌላ ቀን ሆነ። አሁን ልጆቹ «አያያ ልደትሽ ደረሰ» እያሉ ያሾፉባታል። ክፍያውም ቀላል አይደለም። መደበኛው ፓስፖርት በ2016 መጨረሻ ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ወጥቷል። በቤተሰብ ስታባዙት ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ቢጫ ካርድ። ይህን አንድም የግሩፕ ሻጭ ሲናገር አልሰማሁም፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ኬንያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል የሚባለው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ዕድሜያቸው 60 ያለፈ ሰዎች ግን መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለባቸው። አማቴን የጤና ባለሙያው በደንብ ጠይቆ፣ ግፊቷን ለክቶ፣ የምትወስደውን መድኃኒት አይቶ ነው የወሰነው። ግሩፑ ውስጥ ብንሆን ይህን ማን ይጠይቅልን ነበር?

የመጨረሻው፣ እንቅልፍ የነሳኝ፣ ባንኩ ነው።

ዶላሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከመቶ አልፎ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። እሺ፣ ውድም ቢሆን እንግዛ ብለን አጠራቅመናል። ለተጓዥ ይሸጣል ተብሏል። ፓስፖርቶቹን፣ ደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሆቴሉን ወረቀት በፋይል አድርጌ ሄድኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«የቪዛ ኮፒስ እህቴ?»

«ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም።»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ማሟያው ላይ ቪዛ የሚል አለ።»

«ባዶ ተወው።»

«ባዶ ከሆነ አይጸድቅልኝም።»

አለቃው ተጠራ። አለቃው ወረቀቶቹን ገለባበጠ። መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አዲስ አበባ ሄጄ ከኤምባሲው «ለነዚህ ሰዎች ቪዛ አያስፈልጋቸውም» የሚል ደብዳቤ ላመጣ ነው። የሌለ ነገር አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ! 400 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተመልሼ። ቀጠለና ምን አለኝ? «ግሩፕ ቢሆን እኮ ድርጅቱ ራሱ ደብዳቤ ይጽፍላችሁ ነበር።» ዋስ፣ አሁንም ዋስ።

ከባንኩ በር ወጥቼ አስፋልቱን ሳልሻገር አንድ ጎረምሳ «እትዬ፣ ዶላር ነው?» አለኝ። ደብዳቤ አልጠየቀኝም፣ ቪዛም አልጠየቀኝም። ስንት እንደምፈልግ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ትቼው ሄድኩ። ቦሌ ላይ ደረሰኝ አሳዪ ብባል የሱን ስልክ ቁጥር ላሳይ ነው? ግን እስቲ አስቡት፣ ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሕገ ወጡ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አንዳንዱ «ታዲያ ለምን ይህን ያህል ትደክሚያለሽ?» ይለኛል። ልጆቼ ትልቅ ውሃ ሲባል የሚያውቁት ሐይቅ ከተማ ያለውን ነው። ባቡር አይተው አያውቁም። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ በጻቮ ፓርክ መሐል ነው የሚያልፈው። የጻቮ ዝሆኖች በቀዩ አፈር ስለሚንከባለሉ ቀይ መስለው ይታያሉ። ትልቁ ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ በመስኮት በኩል ማን እንደሚቀመጥ ከወንድሙ ጋር ይጣላል። ሞምባሳ ደግሞ ፖርቱጋሎች ከ1593 እ.ኤ.አ. ጀምረው የሠሩት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፣ ፊት ለፊቱ ሕንድ ውቅያኖስ። አማቴን የገዛት ይህ አይደለም። አሮጌው ከተማ ውስጥ መስጊዱ ብዙ መሆኑን፣ ሥጋው ሐላል መሆኑን ስነግራት «አብሽሪ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። ስዋሂሊ የሚናገረው ሰው ሰዓቱን እንደኛ ከንጋት እንደሚቆጥር፣ እዚያም ጠዋት 1 ሰዓት 1 ሰዓት እንደሚባል ስጨምርላት ደግሞ «እንዲያ ከሆነማ ዘመዶች ናቸው» አለች። ቲኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ኋላ እነግራታለሁ።

እንግዲህ ወገን፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ቪዛ ወደማያስፈልግበት አገር ለሚሄድ ሰው በፓስፖርትና በቲኬት ብቻ ዶላር የሸጠ ቅርንጫፍ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የትኛው መስኮት፣ በስንተኛው ቀን እንደሰጣችሁ ጭምር። «ከግሩፕ ጋር ብትሄጂ» የምትሉ ግን በአላህ ተዉኝ፣ እሱን ሰምቻለሁ።