ሲሲውን ብቻ አትጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች ቪትዝ ለመግዛት የወጣ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው «ሺህ ሲሲ ናት፣ ነዳጅ አትበላም» የሚለውን ነው። ደላላውም ጓደኛውም ይህንኑ ይሉታል። ሲሲ የሞተሩን ስፋት ነው የሚናገረው፤ ሺህ ሲሲ አንድ ሊትር ማለት ነው። የፈረስ ጉልበቷን የሚነግረው ግን የለም። ዳገት የሚያወጣው ደግሞ ጉልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችውን ሁለተኛዋን የቪትዝ ትውልድ እንይ። ባለ 3 ሲሊንደሩ የሺህ ሲሲ ሞተር 71 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። 1.3 ሊትሩ 87፣ 1.5 ሊትሩ ደግሞ 109 አካባቢ ነው። መኪናዋ ባዶዋን 1 ቶን ገደማ ትመዝናለች።

ታዲያ እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት በባህር ወለል አካባቢ ላለው አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ የሚጠጋው ሄዷል ማለት ነው። 71 የነበረው ወደ 54፣ 87ቱ ወደ 67፣ 109ኙ ወደ 84 ይወርዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ እዚህ 1.3 ሊትር የገዛ ሰው የሚነዳው ጅቡቲ ላይ ያለች ሺህ ሲሲ ቪትዝ የምታህል ጉልበት ነው። ሺህ ሲሲ የገዛውማ ከዚያም በታች።

አራት ሰው ጭናችሁ ከብሔራዊ ትያትር በፖስታ ቤት አድርጋችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት ይይዛችኋል፤ ከኋላ ሚኒባሱ ክላክስ ያደርጋል። ኤሲ ከተከፈተማ ሌላ ሸክም ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የምትወጡት። ሺህ ሲሲ ሜዳ ላይ ነዳጅ መቆጠቧ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ለሚመላለስ ሰው ግን ልዩነቱ ይጠባል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደህንነቱ ነው። መስቀለኛ መንገድ ቶሎ ማቋረጥ ወይም መቅደም ሲያስፈልግ ጉልበት ከሌለ አደጋ ነው።

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም መኪናን የሚመድበው በሲሲና በዕድሜ ነው። ዝቅተኛው የታክስ እርከን 1,300 ሲሲ ላይ ያበቃል። የሦስተኛዋ ትውልድ ቪትዝ «1.3» ሞተር 1,329 ሲሲ ስለሆነ በ29 ሲሲ ብቻ ወደ ላይኛው እርከን ይገባል። ይህ መስመር ለባህር ጠረፍ ከተማ ያስኬድ ይሆናል። ለደጋ ከተማ ግን ሰውን ወደ ደካማ ሞተር የሚገፋ ይመስለኛል።

ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ገና ለዓመታት ያሉትን ቪትዞችና ያሪሶች ስንገዛና ስንሸጥ እንኖራለን። ስለዚህ ሻጮች ማስታወቂያቸው ላይ ከሲሲው ጎን የፈረስ ጉልበቱን ይጻፉ። ገዢውም ሜዳ ላይ አንድ ዙር ነድቶ ቀብድ አይክፈል። መኪናዋን ሰው ጭኖ፣ ኤሲውን ከፍቶ፣ ዳገት ላይ አቁሞ ያስነሳት። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ሺህ ሲሲዋ ትበቃዋለች። ቤተሰብ ለሚያመላልስ ግን የእኔ ምክር 1.3 ነው፤ አቅም ካለ 1.5።