አህያውን ፈርቶ ሴንሰሩን

ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በበራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፍርድ የሚሰጠውን ሰው የሚያህል ግን የለም። የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነበውን ስካነር ይሰካል፤ «ፒ0171» የሚል ኮድ ይወጣል፤ ፊቱ ይፈካል። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፤ አዲስ ይግዙና ይምጡ።» አለቀ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ምስክር አልተሰማ፣ ማስረጃ አልተመዘነ፣ ይግባኝ የለ። ዳኞች ሁሉ እንዲህ ቆራጥ ቢሆኑ ቀጠሮ የሚባል ነገር ከምድር ላይ በጠፋ ነበር።

ነገር የሚያጠብቁ አንዳንድ ሰዎች «ኮዱ እኮ ሴንሰር ተበላሸ አይልም» ብለው ይከራከራሉ። እርግጥ ነው፣ ፒ0171 የሚለው «በባንክ 1 (በአንደኛው የሲሊንደር ረድፍ) በኩል የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ሳስቷል» ብቻ ነው፤ ፒ0174 ደግሞ ስለ ባንክ 2 ያንኑ ይላል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከማን ሰማ ቢሉ፣ ከዚያው ከኦክስጅን ሴንሰሩ። ሴንሰሩ የጭስ ማውጫው ውስጥ ቆሞ የተረፈ ኦክስጅን አየ፤ አየሁ አለ፤ በማለቱም ተባረረ። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ ይህ ጥበብ ገና ጥሬ ነበር። ዛሬ ዳውላው አራት ሽቦ አውጥቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል።

የሳሳ ድብልቅ ማለት ብዙ ምሥጢር ያለው ነገር አይደለም። 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ከበለጠ ወይም ነዳጁ ካነሰ ድብልቁ ሳሳ። ኮምፒዩተሩ «ኦክስጅን ተረፈ» የሚል ወሬ በሰማ ቁጥር ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ለጥቂት ጊዜ አስረዝሞ ይከፍታል። ይህች ጭማሪ ስካነር ላይ «ፊውል ትሪም» በሚሉት መስመር በመቶኛ ትነበባለች። አጭሩ ትሪም በየቅጽበቱ ይወዛወዛል፤ ረጅሙ የከረመውን ልማድ ይመዘግባል። የሁለቱ ድምር ከዜሮ ወዲያና ወዲህ እስከ 10 በመቶ ቢሆን ሞተሩ ሰላም ነው ይባላል። ወደ ላይ እየሄደ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ፣ ወሰኑ እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ ኮምፒዩተሩ «ከዚህ በላይ አልሸፍንም» ብሎ መብራቱን ያበራል። መብራቱ ሳይበራ በፊት ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ለሳምንታት ሲሄድ ቆይቷል ማለት ነው።

ጀግናችን ግን ይህን መስመር አይከፍተውም። ለምን ይክፈተው? ቁጥር ያለበት ገጽ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ያጠራጥራል።

እጅግ የሚደነቀው ሌላው ችሎታው ኮድ ማጥፋት ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፦ ሞተሩ በስንት ዙር ላይ ነበር፣ ምን ያህል ጭነት ነበረበት፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ሞቆ ነበር፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ትሪሙስ ስንት ደርሶ ነበር። ጥፋቱ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ) ይሁን ዳገት ሲወጣ፣ ይህቺ ገጽ ብቻዋን ግማሹን ትናገራለች። ጀግናችን በአንድ ጣት ያጠፋታል። አብሮም ረጅሙ ትሪም ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የወራት ትምህርት ባዶ ሰሌዳ ይሆናል። መብራቱ ጠፋ፤ ባለመኪናው እጅ ነሥቶ ሄደ። ኮምፒዩተሩ እንደገና ተምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ላይ ካየ በኋላ ነው መብራቱን መልሶ የሚያበራው። በመካከሉ ያለችው የደስታ ጊዜ የጀግናችን ስጦታ ናት።

በአንጻሩ ሥራ የሚያጓትቱ ሰዎች አሉ። እነዚህ መፍቻ ሳያነሡ ይጀምራሉ። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ፤ ይህ ራሱ ስንት ሴንሰር ሊቀየርበት የሚችል ጊዜ ነው። ከዚያ ሁለቱን ትሪም ደምረው መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ቀጥሎ በ2500 ዙር፣ በመጨረሻ መንገድ ላይ ጭነት ሰጥተው ያነባሉ። በሚኒሞ 20 በመቶ ሆኖ በ2500 ወደ 5 ከወረደ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚለካው መለኪያ በኋላ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ ይላሉ። ሂሳብም ይሠራሉ። ለምሳሌ ሞተሩ በሚኒሞ በሴኮንድ 2.5 ግራም አየር በመለኪያው በኩል ቢስብና 0.5 ግራም በተቀደደ ቱቦ ሳይለካ ቢገባ፣ የጎደለው ነዳጅ 20 በመቶ ነው። ዙሩ ጨምሮ የተለካው አየር 10 ግራም ሲሆን ያቺው 0.5 ግራም 5 በመቶ ብቻ ትሆናለች። ቀዳዳው አልጠበበም፤ ድርሻው አነሰ እንጂ። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ትሪሙ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይ ነዳጁ አይደርስም ወይ የአየር መለኪያው የሚገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል። ሁለቱም ባንክ እኩል ከሳሱ የጋራ የሆነውን ይጠረጥራሉ፤ አንዱ ብቻ ከሳሳ በዚያ ጎን ያለውን ጋርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ ኢንጀክተርና የጭስ ማውጫ ያያሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እጃቸው ላይ ጠብታ ቅባት እንኳ የለም። እንዲህም ሆነው መካኒክ ነን ይላሉ።

እዚህ ላይ ለጀግናችን ማምለጫ የምትሆን አንዲት ነገር ሹክ እንበለው። አየርን በቀጥታ ሳይለኩ ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቧንቧ) ግፊት የሚያሰሉ ሞተሮች አሉ። በእነዚህ ላይ ሾልኮ የገባው አየር ግፊቱን ስለሚለውጥ ኮምፒዩተሩ ያየዋል፤ ነዳጅም ይጨምርለታል። ምልክቱ የሳሳ ድብልቅ ሳይሆን ከፍ ያለ ሚኒሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ማወቅ ግን ጊዜ ይፈጃል።

ሴንሰሩን ስለ መመርመርማ አይነሣ! አጓታቾቹ ተከሳሹን ራሱን ይጠይቁታል። ተራው ዚርኮኒያ ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይናገራል፤ 0.45 አካባቢ መካከለኛው ነው፣ ከዚያ በታች የሳሳ፣ ከዚያ በላይ የወፈረ ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ በአየር ማስገቢያው ጥቂት ፕሮፔን ያስገባሉ። ቮልቴጁ ወዲያው ከ0.8 በላይ ከዘለለ፣ ከዚያም አንድ የማኒፎልድ ቱቦ ሲነቀል ከ0.2 በታች ከወረደ፣ ሴንሰሩ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነው። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ ነው። አዳዲሶቹ ሰፊ ክልል የሚለኩ ሴንሰሮች ግን በዚህ ቋንቋ አይናገሩም፤ በአንዳንዶቹ ንባቡ ሲጨምር ድብልቁ ሳሳ ማለት ነው። የአንዱን በሌላው መፍረድ ጀግናችንን ሊያሳስተው የሚችል ብቸኛው ነገር ነው፤ እሱ ቮልቱን ስለማያየው ግን አይሳሳትም።

ሴንሰሩ ሳይዋሽ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ማውጫ ላይ ስንጥቅ ወይም የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ካለ፣ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ይጠባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ «ሳሳ» ይላል። አንድ ካንዴላ እሳት ካልሰጠም ያልተቃጠለው አየር እንዳለ ይወጣና ወሬው ያው ነው። ኮምፒዩተሩ አምኖ ነዳጅ ይጨምራል፤ በእውነት የሚሆነው መወፈር ነው፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ መኪናው ቤንዚን ይሸታል፣ ኮዱ ግን «ሳሳ» እንዳለ ነው። ኮዱና ሽታው ሲጣሉ አጓታቾቹ ቆም ይላሉ። ጀግናችን ደግሞ ካንዴላውንም ይቀይራል።

ሁለተኛው ተመስጋኝ የስፕሬይ አርበኛው ነው። የካርቡራቶር ማጽጃ ቆርቆሮ ይዞ የጋለ ሞተር ላይ እንደ ጸበል ይረጫል። ዙሩ ተለወጠ? «አገኘሁት!» የት? «እዚሁ አካባቢ።» ማጽጃው ተቀጣጣይ መሆኑ፣ የጭስ ማኒፎልዱም የጋለ መሆኑ ለትርዒቱ ድምቀት ነው። ፈሪዎቹ ግን ሞተሩን አቀዝቅዘው አስነሥተው፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በቀጭኗ ገለባ ጥቂት ጥቂት እየነኩ በየነጥቡ ትሪሙ ሲወርድ ያያሉ። የባሱት ፈሪዎች ሞተሩን አጥፍተው፣ የአየር ማስገቢያውን ደፍነው ከ1 ፒኤስአይ ባነሰ ግፊት ጭስ ይነፉበታል። ጭሱ ከየት እንደወጣ በባትሪ መብራት ይመለከታሉ። ብዙውን ጊዜ የሚወጣውም ጀግናችን ከማይጎነበስባቸው ቦታዎች ነው፦ ከአየር መለኪያው እስከ ስሮትሉ (የአየር በሩ) ካለው ጎማ ቱቦ እጥፋት በታች፣ የሞተሩን የውስጥ ትነት መልሶ ከሚያስገባው ከፒሲቪ ቱቦ ክርን፣ ከሰርቮ ፍሬኑ ቱቦ፣ ከማኒፎልዱ ጋርኒሲዮን፣ ከኢንጀክተሮቹ ኦሪንግ (ቀለበት ጎማ)። ጎማው ቱቦ ቆሞ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ተንቀሳቅሶ ነው ስንጥቁ የሚከፈተው፤ ስለዚህ በእጅ ማጠፍ ያስፈልጋል። የቤንዚኑን ትነት የሚመጥጠው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ከቀረም ያው ነው፤ ቱቦውን ለአፍታ ቆንጥጦ ትሪሙ ከተስተካከለ ሌባው ተያዘ።

በቫኪዩም ጌጅ የሚያዩም አሉ። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይስባል። በየ300 ሜትር ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ይህን ቅናሽ የረሳ ሰው ደጋ ላይ ያለውን ሞተር ሁሉ በሽተኛ ያደርጋል፤ ለሴንሰር ንግድ መልካም ዜና ነው።

የአየር መለኪያውን በጨርቅ ጠርጎ የሚመልሰውን ደግሞ በምን ቃል እናመስግነው? በውስጡ ያለችውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነችውን የጋለች ሽቦ በኮምፕሬሰር አየር የሚመታ፣ የፍሬን ማጽጃ የሚረጭባት ብርቱ ሰው ነው። ሽቦዋ አቧራ ከለበሰች በጭነት ጊዜ አየሩን አሳንሳ ትናገራለች፤ ማጽዳት ተገቢ ነው። ሆኖም ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ፣ ሳይነኩ፣ ከዚያም በደንብ አድርቆ እንጂ። ማጽጃው ውጤት ማምጣቱ የሚታወቀውም ትሪሙ ከመጽዳቱ በፊትና በኋላ ሲነጻጸር ነው። ለንጽጽር ግን ቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ መጻፍ ደግሞ ከወንድነት ጋር አይሄድም።

ነዳጁን በተመለከተ የጀግናችን መርህ አጭር ናት፦ «ፓምፑ ይጮኻል፤ እንግዲህ ይሠራል።» የሚጮኽ ሁሉ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በተስተካከለ! አጓታቾቹ ጌጅ ያስራሉ። በማኒፎልድ ውስጥ በሚረጩ ብዙ መኪኖች ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛውን የመኪናው መመሪያ ይናገራል። በሚኒሞ ጥሩ የነበረው መርፌ በጭነት ጊዜ ከወረደ ፊልትሮው ታፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ግፊት ብቻውን ደግሞ ያታልላል፤ ፈሳሽ ሳይንቀሳቀስ የደከመ ፓምፕም ግፊት ይይዛል። ስለዚህ መጠኑንም ይለካሉ፤ በ30 ሴኮንድ ግማሽ ሊትር ገደማ የማይሰጥ ፓምፕ ያስጠረጥራል። ፓምፑን ከመወንጀላቸው በፊትም እየሠራ ሳለ ሶኬቱ ላይ ቮልት ይለካሉ፤ በሪሌ በቀጥታ በሚነዳ ፓምፕ ላይ ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦው፣ የሪሌው ወይም የኔጌቲቩ ሊሆን ይችላል። አዲስ ፓምፕ በዝገተ ሽቦ ላይ ቢገጠም እንደ አሮጌው ይደክማል። ታንክ ውስጥ ማጽጃ ጠርሙስ ገልብጦ መጸለይ ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ስለሚቀልም ይመረጣል።

መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የሚነዳውንም ሰው መርሳት ንፉግነት ነው። ለጊዜው ሞተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ እስከ አቅሙ ይሸፍንለታላ። ዳገት ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ግን የሴንሰሩ እርማት ይቀርና ኮምፒዩተሩ ቀድሞ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ይሄዳል። ነዳጁ ካልደረሰ ድብልቁ በከባዱ ሰዓት ይሳሳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ብሎ ብሎ የፒስተኑ አናት ይቀልጣል። እሳቱን የሚስት ሲሊንደር ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጁን ጭሱን በሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ያነድዳል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ጋዙን ቀንሶ ወዲያው መቆም የሚያስፈልግበት ምልክት። ደግነቱ በፕላስተር ሥር አይታይም።

ሳምንት ሳይሞላ ያ ባለመኪና ይመለሳል፤ መብራቱም በርቷል፣ ፒ0171ም በቦታው ነው። ጀግናችን ስካነሩን ሰክቶ አነበበ፤ ከአየር መለኪያው በኋላ የተሰነጠቀው ጎማ ቱቦ ከጀግናችን ክርን በላይ ስድስት ጣት ርቀት ላይ እየተነፈሰ ነው። የፊተኛው ሴንሰር አዲስ ስለሆነ አይጠረጠርም። አሰበ፣ አሰላሰለ፣ ግንባሩን አሸት አደረገ፤ ከዚያ ፊቱ እንደገና ፈካ። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በኋላ ያለው፣ ድብልቁን ሳይሆን በዋናነት የኮንቨርተሩን ጤና የሚጠብቀው የኋለኛው ሴንሰር ገና አልተቀየረም።