«ይመጣል ወይ?» እና «ይመለሳል ወይ?»

ዋሽንግተን ከተማ መሀል፣ ቻይናታውን አካባቢ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሆኪ ጨዋታ የሚደረግበት አዳራሽ፣ ካፒታል ዋን አሬና፣ ከዚያ በእግር ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እዚህ ከተማ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የጨዋታ ምሽት መኪናው በአንዴ ይጎርፋል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ልውጣ ይላል። መሀል ላይ ያሉት ሁለት ሰዓት ተኩል ግን ጸጥ ያሉ ናቸው። የበረዶ ሆኪን የለመድኩት በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ቡዟ፣ ማለትም ሠራተኛው የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ ውስጥ ባለች ትንሽ ቴሌቪዥን ነው።

መጀመሪያ ላይ ኳሷ እንኳን አትታየኝም ነበር። ኳስ ደግሞ አይደለችም፣ ፓክ ነው የሚሏት፣ ጥቁር ጠፍጣፋ የጎማ ነገር ናት። እየቆየ ዓይኔ ለመደ። በ2018 የከተማችን ቡድን ካፒታልስ የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ መንገዱ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ ጨፍሬያለሁ። የዚያን ጊዜው የቡድኑ አምበል አሌክሳንደር ኦቬችኪን ሩሲያዊ ነው። በዚያ ዋንጫ ጉዞ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው የቭጌኒ ኩዝኔትሶቭም ሩሲያዊ ነው፣ በ24 ጨዋታ 32 ነጥብ (ነጥብ የሚሉት ያገባውንና ለጎል ያቀበለውን አንድ ላይ ነው)። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

ሰኔ 2023 ላይ የድራፍት ወሬ ጦፎ ነበር። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ የሰሜን አሜሪካው ሊግ 32 ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ልጆችን ይመርጣሉ፣ አብዛኞቹ ገና 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ደካማው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ለመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ዕጣም አለ። የመረጠህ ቡድን የአንተ መብት የእሱ ሆነ ማለት ነው። ያን ዓመት አንደኛው ማን እንደሚሆን ማንም አይጠራጠርም ነበር፣ ኮነር ቤዳርድ የሚባል ካናዳዊ። ከእሱ ቀጥሎ ግን የፔርም ልጅ፣ ማትቬይ ሚችኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ካፒታልስ 8ኛ ተራ ደርሶታል። እንግዲህ ጥያቄው ሚችኮቭ እስከ 8ኛ ከወረደ እንውሰደው ወይስ አንውሰደው የሚል ሆነ።

የወረደበት ምክንያት ችሎታው አልነበረም። ሴንት ፒተርስበርግ ካለው ኤስካ ክለብ ጋር እስከ 2026 ውል ነበረው። ሊጉ ከስዊድንና ከፊንላንድ ጋር የተጫዋች ዝውውር ስምምነት አለው፣ ከሩሲያ ጋር ግን የለውም፣ ስለዚህ የሩሲያ ውል እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። ከየካቲት 2022 ጀምሮ የሩሲያ ብሔራዊ ቡድኖች ከዓለም ውድድር ታግደው ነበር፣ መልማዮችም እዚያ ሄደው ማየት ስላልቻሉ ልጆቹን በቪዲዮ ነበር የሚያዩአቸው።

አንድ ደንበኛዬ ነበሩ፣ የዓመት ትኬት ያላቸው ሽማግሌ። ሁልጊዜ ቀድመው ይመጡና ቡዟ ላይ ተደግፈው ያወሩኛል። «አንነካውም» አሉኝ። «ሦስት ዓመት እንጠብቅና ባይመጣስ? እነዚህን ልጆች አታምናቸውም።» ልጃቸው ደግሞ ከጎናቸው ቆሞ ተናደደ። «አባባ፣ ስንት ሩሲያዊ ነው ዋንጫ ያበላህ?» አላቸው። ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ መኪና እየገባ እንኳን አላቆሙም። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ግን «አታምናቸውም» የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገባች።

ያን ሳምንት የእህቴ ልጅ ቪዛ ተከልክሎ ነበር።

ልጁ አገር ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል፣ የአፈር ጥናት ነው ሙያው። አንድ የአውሮፓ አገር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ጠራው። ወጪው ተሸፍኗል፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አለው፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት አለው፣ ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጣለት መልስ ሳጥኖች የተደረደሩበት ቅጽ ነው። አንዷ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎባታል። ቪዛው ከማለቁ በፊት አገሩን ለቀህ ለመውጣትህ ጥርጣሬ አለን ይላል። በቃ። ስልክ ላይ «ጋሼ፣ እኔን እኮ አላዩኝም» አለኝ። የአሜሪካንም ያውቃችሁታል፣ 214 ቢ የሚሏት ሕግ። ሕጓ የምትነሳው አመልካቹ ሁሉ እዚያው ሊቀር ነው ከሚል ግምት ነው። እንደማትቀር የማስረዳቱ ሸክም በአንተ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ነገር አንድ ላይ የገጠመልኝ። የሩሲያውን ልጅ «ይመጣል ወይ?» ይሉታል። የእኛን ልጅ «ይመለሳል ወይ?» ይሉታል። ጥያቄው ተገልብጧል እንጂ የሚመዘነው ያው ፓስፖርቱ ነው።

አሁን ሐቁን እንነጋገር። ሽማግሌው ዝም ብለው አልፈሩም። አሌክሳንደር ራዱሎቭ በ2008 ከናሽቪል ቡድን ጋር የአንድ ዓመት ውል እያለው ጥሎ ሩሲያ ሄደ። ኢሊያ ኮቫልቹክ በ2013 ከኒው ጀርሲ ጋር 12 ዓመትና 77 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶት ጫማዬን ሰቀልኩ ብሎ ወጣና ኤስካ ገባ። እነዚህን ያየ ደጋፊ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። እኛም እኮ ይህን ታሪክ አሳምረን እናውቀዋለን። ለፒኤችዲ በዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ወጥቶ የቀረ መምህር፣ አገር ቤት የፈረመለት ዋስ ከደሞዙ እየተቆረጠ ሲከፍል፣ ያንን ያየ ሰው ሁለተኛ ለማንም አይፈርምም። የቀረው ልጅ ምክንያት ነበረው፣ ምናልባትም በቂ ምክንያት። ግን ከኋላው የሚመጣው ነው የሚቸገረው።

ሌላም አለ፣ ከልጁ ፈቃድ ውጪ የሆነ። ግብ ጠባቂው ኢቫን ፌዶቶቭ በ2022 ከፊላዴልፊያ ጋር ፈርሞ ሊሄድ ሲዘጋጅ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተያዘ፣ ከውትድርና ሸሽተሃል ተብሎ። ወደ ሰሜን፣ ሴቬሮሞርስክ ወደሚባል የባሕር ኃይል ከተማ ወሰዱት። ፊላዴልፊያ የደረሰው በ2024 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አልመጣም ነው የሚባለው ወይስ አልለቀቁትም? ደጋፊዎቹ ሲከራከሩ ሁለቱን አይለዩም፣ ሁለቱም «የሩሲያ ችግር» ይባልና ያልቃል። ለእኔ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ከዳ የሚባለውና ታሰረ የሚባለው አንድ ሰው አይደለም። የድሮውን ካነሳን ደግሞ አሌክሳንደር ሞጊልኒ በ1989 ስቶክሆልም ላይ ከሶቪየት ቡድን ሲጠፋ አገሩ ከሃዲ ብላው ነበር፣ እኛም በደርግ ጊዜ «ኮበለለ» እንደምንለው። ያኔ የመጣ ሁሉ ኮብላይ ነበር፣ አሁን የማይመጣ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ልጁ በየትኛውም በኩል አያሸንፍም።

ወደ ድራፍቱ ልመለስ። ናሽቪል ላይ ነበር የተደረገው። ሞንትሪያል 5ኛ ተራው ሲደርስ ሚችኮቭን ትቶ አንድ ኦስትሪያዊ ተከላካይ ወሰደ፣ ደጋፊዎቹ አበዱ። በጣም ያሳዘነኝ ንዴታቸውን ኦስትሪያዊው ልጅ ላይ ማውረዳቸው ነው፣ በኢንተርኔት የሰደቡትን ስድብ አይጠይቀኝ ሰው። ራሱን አልመረጠ፣ ምን አደረገ? አሪዞና በ6ኛነት ሌላ ሩሲያዊ ወሰደ። ፊላዴልፊያ በ7ኛነት ሚችኮቭን ወሰደ። ከእኛ አንድ ቀድሞ። ልጁ አባቱን ካጣ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። መድረኩ ላይ ብርቱካናማውን ማሊያ ለብሶ ሲቆም እኔ ስለ ውል አላሰብኩም፣ የ18 ዓመት ሐዘንተኛ ልጅ ነው ያየሁት።

ካፒታልስ በ8ኛነት አሜሪካዊውን ራያን ሌናርድን ወሰደ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። «ይሄ የራሳችን ልጅ ነው፣ የት ይሄዳል» አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ላጫውታችሁ። የሚችኮቭን ውል ክለቡ ሁለት ዓመት ቀድሞ አፈረሰለትና በ2024 በጋ ላይ መጣ። ጥቅምት 11 ቀን 2024 ቫንኩቨር ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። በዚያ ዓመት 26 ጎል አገባ፣ ከአዳዲሶቹ ልጆች ማንም ያን ያህል አላገባም፣ በጠቅላላው 63 ነጥብ። ሌናርድስ? ቦስተን ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ለካፒታልስ መጀመሪያ የተጫወተው ሚያዝያ 1 ቀን 2025 ነው። ይዘገያል የተባለው ሩሲያዊ፣ የራሳችን ከተባለው ልጅ ወደ ስድስት ወር ቀድሞ ገባ። ሌናርድ ምንም አላጠፋም፣ መማር ፈለገ፣ ተማረ። ግን አሜሪካዊው ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሲቆይ ማንም «ሪስክ» ነው፣ ያሰጋል አላለውም። እድገት ነው ያሉት።

የሚኒሶታውን ኪሪል ካፕሪዞቭን ደግሞ እዩ። በ2015 በ135ኛነት ነው የተመረጠው። አምስት ዓመት ጠበቁት። በ2020 መጣ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፣ መስከረም 2025 ላይ የ8 ዓመት የ136 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁን። ሞንትሪያልም ሳይማር አልቀረም፣ በ2024 ሩሲያዊውን ኢቫን ዴሚዶቭን በ5ኛነት ወሰደ፣ ልጁም በዓመቱ ሚያዝያ ላይ መጥቶ በመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ። ካፒታልስ ራሱ በ2022 ኢቫን ሚሮሽኒቼንኮን በ20ኛነት ወስዶ ነበር፣ ያውም ልጁ ካንሰር ይዞት ጀርመን ታክሞ የተነሳ ነው። እሱም መጣ።

ስለ ሆኪው ክርክር አንድ የሚያስቀናኝ ነገር አለ። ሰዎቹ ቢያንስ ዝርዝሩን ያወራሉ። ውሉ መቼ ያልቃል? ልጁ ራሱ ምን ይላል? ወኪሉ ማነው? ይወርዳል፣ ግን አይጣልም። ሁለተኛ ያልወሰደው ሰባተኛ ይወስደዋል፣ ሰባተኛ ያልወሰደው 135ኛ። ቪዛ ላይ ግን ሰባተኛ የሚባል ተራ የለም። ሳጥኗ ላይ ምልክት ከተደረገች አለቀ።

አገር ቤትም ንጹሕ አይደለንም፣ ይህን ሳልል ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬን ፈተና አልፌ «ተያዥ አምጣ» ተባልኩ። ተያዡ የሚሠራ ሰው፣ ደሞዙ ከዚህ በላይ የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመድ የለኝም። ሥራው አለፈኝ። እኔ እንደምጠፋ በምን አወቁ? ከክፍለ አገር የመጣ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ቤት ልከራይ ስሄድም አከራይዋ ከስሜ ቀጥሎ «አገርህ የት ነው?» ነው ያሉኝ። መልሱን ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። ዛሬ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከድሮው በጣም ብሶ ሰው ከቤትና ከሥራ የሚያስቀር ሆኗል፣ ከአገር ቤት ጋር በስልክ በተገናኘሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ስለዚህ የፈረንጁን ጥርጣሬ ስናወግዝ የራሳችንንም አብረን እናንሳ።

ሚያዝያ 6 ቀን 2025 ኦቬችኪን 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትዝኪን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ ሰበረ። ያን ጊዜ ፓርኪንጉን ለቅቄ ነበር። ጨዋታው ኒው ዮርክ ስለነበር እቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ከልጆቼ ጋር። የገባበት ግብ ጠባቂ ራሱ ሩሲያዊ ነው፣ ኢሊያ ሶሮኪን። ልጄ «አባ፣ ሁለቱም ከአንድ አገር ናቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሽማግሌውን አስታወስኩ። የት እንዳሉ አላውቅም፣ ግን በዚያች ደቂቃ ቆመው እንዳጨበጨቡ እርግጠኛ ነኝ፣ ኦቬችኪንን እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዱት። ያ ነው የሚገርመኝ። ሃያ ዓመት ያዩትን አንድ ሩሲያዊ ይወዱታል፣ ያላዩትን ግን «እነዚህን ልጆች» ይሉታል።

የእህቴ ልጅ ሥልጠናው አለፈው። ሚስቱ በሰላም ወለደች፣ ሴት ልጅ ናት። ዘንድሮ ሌላ ግብዣ መጥቶለታል፣ ለሦስት ወር። እህቴ የቤቱን ካርታ ኮፒ አስደርጋ፣ የባንክ ማስረጃውን አውጥታ፣ የሕፃኗን የልደት ምስክር ወረቀት ሳይቀር ጨምራ ፋይል አዘጋጅታለች። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። እኔም የድጋፍ ደብዳቤዬን ትናንት ላክሁለት።