ጉልበቴ ባይሆን ኖሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበር። ካላመናችሁኝ ፒያሳ አንዱ ካፌ ግቡና አንድ ማኪያቶ እስክትጨርሱ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሁሉም ለጊዮርጊስ ሊፈርም ነበር። የቡና ደጋፊ ከሆነ ደግሞ ለቡና ሊፈርም ነበር። አሰልጣኝ አይቶታል፣ ወዶታል፣ "ሰኞ ጠዋት ና" ብሎታል። ከዚያ እሁድ ጉልበቱን ተመታ። ሁሌም እሁድ ነው። ረቡዕ ጉልበቱን የተመታ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የእኔም ጉልበት አለ። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የእኛ ቡድን የእሪ በከንቱ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ። ድሮ ሰው እዚያ ሲዘረፍ እሪ ቢል ሰሚ ስለማያገኝ ነው ስሙ የወጣለት ይባላል። እኛ ግን ስሙ የወጣው ለዳኛ በምናሰማው አቤቱታ ነው ብለን ነው ያደግነው። ሜዳችን ተዳፋት ነበር። ተዳፋት ስል ትንሽ ዘንበል ያለ ማለቴ አይደለም፤ ከላይኛው ጎል ሆነህ ኳሷን ብትለቃት ራሷ ሄዳ ታገባለች። ዕጣ ስናሸንፍ ሁሌ የምንመርጠው መጀመሪያ ዳገቱን ነው። ዳገቱን እየተከላከልክ ታሳልፋለህ፣ ከዕረፍት በኋላ ቁልቁለቱ ይጫወትልሃል። አንዴ የካዛንቺስ ልጆች ይህን ሳያውቁ መጡ። ዕጣው ለእነሱ ወጣና ደስ ብሏቸው ቁልቁለቱን መረጡ። ዕረፍት ላይ 4 ለ 0 እየመሩን ይጨፍሩ ነበር። 9 ለ 4 ተሸንፈው ሄዱ። መጨረሻ አካባቢ በረኛቸው ኳስ ለማምጣት ወደ ወንዙ መውረድ ሰልችቶት እዚያው ታች ቁጭ ብሎ ነበር፣ ጎሉን ባዶ ትቶ።

በ1982 የዓለም ዋንጫ ካሜሩን አርጀንቲናን በመክፈቻው ስታሸንፍ ያየነው እቴቴ ጋ ነው፣ ሰላሳ ሆነን፣ በአንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን። በነጋታው ቡድናችን "ካሜሩን" ተባለ። ሮጀር ሚላ ጎል ሲያገባ ወደ ማዕዘን ባንዲራው ሄዶ ይጨፍር የለ? እኛ ጋ ባንዲራ ስለሌለ የመብራት እንጨቱ ዘንድ ሄደን ነበር የምንጨፍረው። ጦሱ ግን ሌላ ነበር። ሚላ ያኔ 38 ዓመቱ ነው። እሱ 4 ጎል አገባና የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ቡድን ውስጥ ካልገባን አሉ። ሚስትና ሦስት ልጅ ያለው ሰውዬ በፒጃማ ሱሪ መጥቶ "ሚላስ?" ሲልህ ምን ትመልሳለህ?

አሰልጣኛችን ጋሼ ነበሩ። ሥራቸው ሰዓት ሠሪነት ነው። ሁሌም እጃቸው ላይ ሦስት ሰዓት አለ፣ ሦስቱም የደንበኛ፣ ሦስቱም ለሙከራ የታሰሩ፣ ሦስቱም የተለያየ ሰዓት የሚናገሩ። ዳኛ ስናጣ (ሁሌም እናጣለን) እሳቸው ያጫውታሉ። እየመራን ከሆነ ከሦስቱ አንዱ 90 ደቂቃ መሙላቱ አይቀርም። እየተመራን ከሆነ ደግሞ የቆመውን ሰዓት ነው የሚያዩት። አንድ ቀን ጨዋታው መብራት እስኪበራ ድረስ ሄዶ የተጋጣሚ በረኛ እናት ልጄን አምጡ ብለው መጡ። ጎሏን ያገባነው ሴትየዋ ልጃቸውን በጆሮው ይዘው ሲወስዱት ነው። ጋሼ አጸደቋት።

ጋሼ 1954ን አይተዋል። ማለቴ፣ አይተናል ይላሉ። ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል። ይተርኩታል፣ እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። የአዲስ አበባ አዛውንት ሁሉ እዚያ ነበርኩ ስለሚል ስታዲየሙ ያን ቀን ከጃንሜዳ ሳይሰፋ አይቀርም። አንድ ቀን ግን ለቀበሌ ጉዳይ የጋሼን መታወቂያ እኔ ይዤው ነበርና የትውልድ ዘመን የሚለውን አየሁት። 1952። ሁለት ዓመታቸው ነበር ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ልጅ እንዴት ስታዲየም ገባ?"

"ታዝዬ!" አሉኝ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይሰብሩ።

በረኛችን ግንቡ ይባላል። እውነተኛ ስሙን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያውም የቅጽል ስም ነገር አንዴ ጉድ አድርጎናል። ድፎ የሚባል ተከላካይ ነበረን፤ ድፎ ዳቦ የሚያህል ወገብ፣ የሚዞረው እንደ አውቶቡስ ሰፊ ቦታ ይዞ። ይሄ ሰው ሲያገባ ለሁላችንም የሰርግ ካርድ ላከ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን የሙሽራ ስም ከእኛ ውስጥ የሚያውቀው ጠፋ። "ማነው ይሄ?" ተባባልን፣ "የተሳሳተ መሆን አለበት" አልን፣ ካርዱን ለሻይ ማስቀመጫ አደረግነው። በሰርጉ ቀን የሙሽራው ጓደኞች ጠረጴዛ ባዶውን ዋለ። ድፎ ይኸው 20 ዓመት አለፈው፣ ሲሰክር አሁንም ያለቅሳል። "አስራ አንድ ሰው ላይ ነው የተከላከልኩት፣ አንድ ሰው አይመጣም?" ይላል። እውነቱን ነው። ያስራ አንዱ ነገር እንኳ ትንሽ ተጋኗል።

ወደ ግንቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ እሱ ነው።

የሰፈር ለሰፈር ጨዋታ ነው፣ ውርርዱ አንድ ሳጥን ለስላሳ። 2 ለ 2 ነን። መጨረሻ ላይ ሪጎሬ ተሰጠብን። የሚመታው ልጅ በረባሶ ነው ያደረገው፣ ያውም ማሰሪያዋ የላላች። ተንደርድሮ መጣ፣ መታ። ኳሷም በረባሶዋም እኩል ተነሱ። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ። ግንቡ እንደ ነብር ተወርውሮ በአየር ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዛት። ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። መሬት ላይ ተንከባሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ቀና ብሎ ሲያየው የያዘው በረባሶዋን ነው። ኳሷ ወንዝ ገብታለች፣ በጎሉ በኩል አልፋ።

3 ለ 2 ተሸነፍን። ሳጥን ለስላሳውን ከፈልን። ግንቡ ግን እስከ ዛሬ "ያቺን ሪጎሬ" ሲያወራ "ያዝኳት" ነው የሚለው። ውሸት አይደለም እኮ። ምን እንደያዘ ነው የማይጨምረው።

በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንገባ ከዛምቢያ ጋር ያደረግነውን ጨዋታ አብረን ነበር ያየነው። ቀኑ ጥር 13 ነው። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ "ቀኗ የእኛ ናት፣ ቀኗ የእኛ ናት" እያሉ ሰፈር ይዞራሉ። ሳላዲን ሰኢድ ሪጎሬዋን ሲመታና የዛምቢያ በረኛ ሲይዝበት ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል ግንቡ ጉሮሮውን ጠረገና "ሪጎሬ መያዝ እንኳ እኔም…" ብሎ ጀመረ። የተወረወረበት የድንች ቺፕስ ብዛት አይነገርም። ደግነቱ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። የዋንጫው ባለቤት ከነበረች አገር ጋር እኩል መውጣት ያኔ ለእኛ ድል ነበር። ድፎ የመብራት እንጨት አቅፎ ጨፈረ።

ፕሮሰስንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፕሮሰስ ያልነው ሁሌ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" ስለሚል ነው። ካናዳ፣ ከዚያ ጣሊያን፣ ከዚያ ዲቪ። ሦስት ጊዜ የሽኝት ጨዋታ አዘጋጅተንለታል፣ ሦስት ጊዜ መዋጮ አውጥተናል፣ ሦስቴም አቅፎን አልቅሷል፣ ሦስቴም በሳምንቱ ማሊያውን ለብሶ ከች ብሏል። በአራተኛው ማንም አላመነውም፣ ማንም አልሸኘውም፣ የዚያን ጊዜ ሄደ። ከአሜሪካ 14 ማሊያ ላከልን። አስራ አራቱም 10 ቁጥር። አንድ ላይ በቅናሽ አግኝቷቸው ነው መሰለኝ። አንድ ሙሉ ዓመት ዳኛ ቢጫ ሲሰጥ "10 ቁጥር!" ይልና ሁላችንም እጃችንን ወደ ሌላው እንጠቁማለን።

አሁን የምነግራችሁ ግን እውነተኛ ተጫዋች ነው። ፈረቃ። በግራ መስመር። በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚመጣ ውሃ ስለነበር ነው እንዲያ ያልነው፤ ሲመጣ ጎርፍ ነው፣ ሲጠፋ ጠብ አይልም። አብዶ ሲሠራ የተጋጣሚ ተከላካይ ብቻ ሳይሆን ጎል ጀርባ የተቀመጠ ሽማግሌም ይሸወድለታል። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ እንፈልገውና ሻይ ቤት ቦምቦሊኖ እየበላ እናገኘዋለን። ከሁላችንም ለክለብ የሚበቃ እሱ ብቻ ነበር፣ ይሄን ስል ሆዴ እያመመኝ ነው። የሚገርመው ስለ ኳስ አያወራም። አሁን ታክሲ ይነዳል። "ድሮ እንዴት ነበርክ እኮ!" ስትለው "እንጫወት ነበር" ይልና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራሃል። ለምን ክለብ አልገባህም ብዬ አንዴ አጥብቄ ጠየቅኩት።

"ልምምዱ ጠዋት ነው አሉኝ" አለኝ። "ጠዋት መነሳት አልወድም።"

ጉልበቱ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።

ከሰፈር ሜዳ ወጥተን ጃንሜዳ የሄድነው የጤና ቡድን ካቋቋምን በኋላ ነው። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት። ጃንሜዳን ለማታውቁ፣ እዚያ አንድ ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሃያ ቡድን በአንድ ሣር ላይ፣ የአንዱ ጎል የሌላው መሃል ሜዳ ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ድፎ አንዴ በግሩም ቴስታ ያወጣት ኳስ የእኛ ጨዋታ ኳስ አልነበረችም። ባለኳሶቹ መጥተው ሊደበድቡት ነበር፣ ጎል ልትሆን የነበረች ኳስ ናት። የጤና ቡድን የሚባለውም ጤናው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥና ቢራ ነው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ያወረድነውን በአርባ ደቂቃ መልሰን የምንጭንበት። ሪህ የያዘው ግማሹ ቡድን ነው። በ2012 ኮሮና ገብቶ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ደግሞ ጨዋታው ቀረ። አንድ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ድፎን ቲማቲም ክምር ፊት ቆሞ አገኘሁት። "ያቺን ቴስታ የመታሁት እዚህች ጋ ነበር" አለኝ። ሻጯ "ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?" አለችው።

በ2016 ደግሞ የእኛው ሰፈር ፈረሰ። ቡድኑ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ተበተነ። አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዘን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ እንደገና እንጫወታለን። አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሜዳው ከፈረሰ ወዲህ ሁላችንም በጣም ጎበዝ ሆነናል። ድሮ አንዱ ሲዋሽ "ና እስኪ ሜዳው ላይ አሳየኝ" ይባል ነበር። አሁን ምኑ ይታያል? የድሮዋ 20 ሜትር ምት 30 ሆናለች፣ ባለፈው ለቅሶ 40 ገብታለች።

ባለፈው ወር ከግንቡ ጋር ፒያሳ ተገናኘንና ወደ ድሮው ሰፈር ወረድን። ሁሉ ነገር ተቀይሯል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ ሣር። ቦታውን ለማወቅ እኔ ራሴ ሦስቴ ዞሬያለሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ኳስ ይዘው ነበር። ግንቡ ኳሷን ሲያይ ልቡ አልቻለም።

"እዚህች ጋ ጎል ነበር፣ ታውቃላችሁ?" አላቸው፣ ሣሩን እየጠቆመ። "እኔ በረኛ ነበርኩ። እዚህች ጋ ነው ያቺን ሪጎሬ የያዝኳት። በአየር ላይ!"

"እንዴ ፋዘር! አሪፍ በረኛ ነበርክ ማለት ነው?" አለው አንዱ።

በመጀመሪያ ጎሉ እዚያ አልነበረም። የብስክሌት መስመሩ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ በረባሶ ነው። አፌ ላይ መጥታ ነበር። ግንቡም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፈጠን ብሎ በትከሻዬ ላይ እጁን ጣለና ወደ ልጆቹ ዞረ።

"ይሄ ደግሞ አጥቂያችን ነበር። ለጊዮርጊስ ሊፈርም አንድ ቀን ሲቀረው ጉልበቱን ባይመታ ኖሮ…"

ጉልበቴን ያገኘኝ የድፎ ታናሽ ወንድም ሰርግ ላይ ነው፤ ጠጅ ጠጥቼ ስወጣ ቦይ ውስጥ ገብቼ። ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ግንቡ ነው።

"እሁድ ቀን ነበር" አልኳቸው ለልጆቹ።