ቋጥኙን አታስፈልጡት

ጅማ ላይ ቦታ ያገኘ ሰው አጥር አጥሮ ሲያበቃ ቀጥሎ የሚጠራው ድንጋይ ፈላጭ ነው። በጂረን ተዳፋት በኩል ለሚያልፍ ነገሩ የታወቀ ነው፤ አለቱ ሥር እሳት ይነዳል፣ ሲግል ውኃ ይደፋበታል፣ ሲሰነጠቅ በድጅኖ ይፈነቀላል። ከዚያ ግቢው ይደለደልና ሊሾ ይሆናል። ቤቱ በሚያርፍበት ላይ ያለው ድንጋይ ይውጣ፣ ግድ ነው። ለአትክልት በሚተርፈው ቦታ ላይ ያለው ግን መነካት የለበትም።

ቋጥኙና ቀዩ አፈራችን አንድ ዘር ናቸው። የአካባቢያችን አለት በብዛት ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በረጅም ዘመን ዝናብና ሙቀት ከስንጥቁ እየጀመረ በስብሶ አፈር ሆኗል፣ ሳይበሰብስ የቀረው እምብርቱ ደግሞ ቋጥኝ ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ከመሬት በላይ ያለው ጫፉ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ዙሪያውን በዶማ ጫር ጫር አድርጎ ማየት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባዛልት ወደ 3 ቶን ይመዝናል፤ "ትንሽ ገፋ እናድርገው" የሚባል ነገር የለም። ተዳፋት ላይ ከሆነ በታች በኩል ያለውን አፈር ፈጽሞ አትቦርቡሩ፤ ድንጋዩን ደግፎ የያዘው እሱ ነው።

ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሐምሌ ላይ የሊሾ ግቢ ውኃ በበሩ ሥር ወጥቶ የታች ጎረቤትን አጥለቅልቆ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። ቋጥኝ ጋ የደረሰ ጎርፍ ግን ኃይሉ ይበርድና ያመጣውን ደለልና ቅጠል ከድንጋዩ በላይ በኩል ጥሎ ያልፋል። እዚያ አፈሩን ዝገኑት፤ ጥቁር፣ ልስልስ፣ ርጥብ ነው። እንሰት የሚተከለው እዚያ ነው። ጥላ የሚያርፍበት ጎን ለቡና ይስማማል፤ ፀሐይ ለሚመታው ደረቅ ጎን ሬትና ጦስኝ ይበቃሉ። ውኃ በሚሮጥበት ጠርዝ ቬቲቨር ሳር ደርድሩ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቡና ማሳ አፈር ጥበቃ የሠራበት ሳር ነው፤ ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ጎረቤት ተክልን ብዙም አይሻማም። ድንጋዩን ኖራ መቀባት፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ መድፈን ግን ይቅር፤ ውኃ የሚሰርግበት ይጠፋል።

ብዙ እናቶች "እባብ ይደበቅበታል" ይላሉ፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። እባብ የሚወደው ልል ክምር ድንጋይና ረጅም ሳር ስለሆነ በቋጥኙ ሥር ያለውን ክፍተት በጠጠርና በአፈር ጠቅጥቆ መድፈን፣ ዙሪያውንም ማጨድ ያስፈልጋል።

ከግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ የቦታው ፕላን ሲሠራ ትልልቅ ቋጥኞችና ነባር ዛፎች ሥዕሉ ላይ ይግቡ። ቤቱን ሁለት ሜትር ወደ ጎን ማሸሽ በወረቀት ላይ ምንም አያስወጣም፤ ግንበኛው መሠረት ከጀመረ በኋላ ግን ማንም አይሰማንም።