እርቅ ከአዳራሹ በፊት ይጀምራል

በወሎ ወረዳዎች የሰላም ኮንፈረንስ የሚባለው ስብሰባ መልኩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የሃይማኖት አባቶች ይመርቃሉ፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ የአቋም መግለጫ ይነበባል፣ ተሰብሳቢው አጨብጭቦ ይበተናል። ብዙም ሳይቆይ ያው ከብት ይነዳል፣ ያው መንገድ ይዘጋል። ሰዉ ሰላም ጠልቶ አይደለም። ስብሰባው የእርቅን የመጨረሻ ቀን ወስዶ መጀመሪያ ስላደረገው ነው።

ወሎ ውስጥ ደም የሚያደርቁ፣ ማለትም በግድያ የተቃቃሩ ወገኖችን የሚያስታርቁ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በወረባቦ፣ በባቲና በአካባቢው አበጋር የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ በራያ ቆቦ ደግሞ ዘወልድ። ስማቸውና ዝርዝራቸው ቢለያይም የደም ማድረቁ አካሄድ ይቀራረባል። ሰው ሲገደል የመጀመሪያው ሥራ ማራቅ ነው። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር በገበያ፣ በውኃ መቅጃ፣ በመንገድ እንዳይገናኝ ይደረጋል። ይህ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን ወንድሙንና የአጎቱን ልጅም ይጨምራል፤ ደም መላሽ ከዘመዱ ማንንም ሊመታ ይችላልና። ቀጥሎ ሽማግሎች ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። መመላለሱ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ላላየው ሰው ነው። እምቢ የማለት ዕድል ሳያገኝ የታረቀ ቤተሰብ ነገ "ማን ጠየቀኝ?" ይላል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። አዳራሽ ውስጥ ያለ ተበዳይ እምቢ ማለት አይችልም።

ቤተሰቡ ልቡ ሲራራ ፋታ ይሰጣል፤ ለፋታው ደግሞ ዋስ ይጠራል። የዋሱ አመራረጥ ለጉዳዩ ዋና ነው። ዋስ የሚሆነው መሬትና ከብት ያለው፣ የራሱ ወገን ጎረምሶች የሚፈሩት ሰው ነው። ፋታው ቢፈርስ ንብረቱም ስሙም ስለሚነካ ሌሊት ተነስቶም ቢሆን ልጆቹን ይይዛል። ቀጥሎ ማን ምን እንዳደረገ በሽማግሎች ፊት ይነገራል፣ ካሳ ይቆረጣል። ካሳውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍለውም፤ ዘመድ ያዋጣል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ ካሳ ያዋጣ አጎት ሁለተኛ እንዳያዋጣ ሲል የወንድሙን ልጅ ይቆጣጠራል። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወድቅበት፣ መሐላ የሚፈጸምበት፣ ዱዓ የሚደረግበትና አብሮ የሚበላበት ቀን የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አብሮ መብላቱም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በወሎ ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት የተቀላቀሉ ከሆነ ሁለት እርድ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ያስፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ከታረደ ግማሹ ሰው ሳይበላ ይነሳል፤ ያልበላ ሰው ደግሞ ታርቄአለሁ አይልም። ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያኑ ጾም ነው፣ ዓርብ ለሙስሊሙ ጁምዓ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገጣጠሙ ስለመጡ፣ በየካቲትና በመጋቢት ለእርቅ የሚሆን ቀን ማግኘት ከባድ ሆኗል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሪፖርት ማድረስ የሚፈልግ ጽሕፈት ቤት ይህን አያሰላም፤ ሽማግሌው ግን ያሰላል።

መንግሥትም ሆነ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ይህን ሥርዓት ሲዋሱ በተደጋጋሚ የሚያበላሹት ሦስት ቦታ ላይ ነው። ሽማግሎቹን ቀበሌው በዝርዝር ይመርጣል፤ ሕዝቡም "የመንግሥት ሽማግሌ" ብሎ ይለያቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ቃላቸው አይሠራም። አበሉ የሚከፈለው ለስብሰባው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ለነበረው ምልልስና ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ክትትል የተያዘ በጀት የለም። ካሳ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ከብቱ የተነዳበት፣ ክምሩ የተቃጠለበት ገበሬ "ይቅር ተባባሉ" ሲባል የሚሰማው ኪሳራህን ዋጠው የሚል ትእዛዝ ነው።

ይሁንና የአበጋርም የዘወልድም አቅም ወሰን አለው፤ ይህን ሳይናገሩ ባህላዊ እርቅን ማሞገስ ሕዝቡን ማታለል ይሆናል። ሥርዓቱ የተሠራው ገዳዩ ለታወቀ ሞት ነው። ወሎ ግን በሐምሌና ነሐሴ 2013 ከቆቦ እስከ ወልድያ፣ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ሲያዙ ያየችው ሞት ሌላ ነው። ቆቦ በነሐሴ 2014 እንደገና ጦርነት ገብቶባታል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ አለ። መድፍ ዘመድ የለውም፤ ካሳ የሚያዋጣለት አጎት አይገኝም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የነበረውን ጦርነት አቁሟል፤ የአማራና የትግራይ ክልሎች የሚወዛገቡባቸውን የአላማጣንና የኮረምን ጥያቄ ግን አልዘጋውም፤ ቤቷ የፈረሰባት የቆቦ እናትም ከማን ካሳ እንደምትጠይቅ አልነገራትም። እንዲህ ያለው ካሳ ከመንግሥት ካዝና መምጣት አለበት። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ካሳንም ባህላዊ ሥርዓቶችንም አካቷል። ከወረቀት ወርዶ የሚታየው ግን ለወረዳ የካሳ ገንዘብ ሲመደብ ነው።

የአስገድዶ መድፈር ጉዳይም ለሽማግሌ መሰጠት የለበትም። ልጅቷን ለደፈራት መዳር ወይም በከብት መጨረስ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም ይሞከራል፤ ይህ እርቅ ሳይሆን ሁለተኛ በደል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34(5) ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። የግድያ ወንጀል በፍርድ ቤት መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ሽማግሌና ዐቃቤ ሕግ መነጋገር አለባቸው። ደም ሳይደርቅ ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰው በወጣ ማግስት ሊገደል ይችላል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ስለሚቀበል፣ የእርቁ መዝገብ ለፍርድ ቤቱ መድረስ ይገባዋል።

ከጎረቤት አገር የሚጠቅመን የዋጂር ሥራ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጂር ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎሳዎች ሲጋደሉ ከተለያየ ጎሳ የመጡ ጥቂት ሴቶች ሥራቸውን የጀመሩት ከገበያ ነበር። የማንኛዋም ጎሳ ሴት መግዛትና መሸጥ እንዳትከለከል ራሳቸው ይጠብቁ፣ የተከለከለች ካለች እዚያው ይዳኙ ነበር። ገበያው ከተረጋጋ በኋላ ሽማግሎቹን ወደ ንግግር አመጡ፤ በ1993 የአል ፋታህ ስምምነት ተደረሰ። በ1995 ኮሚቴው በዲስትሪክቱ የልማት መዋቅር ውስጥ ገባ፣ ሥራውም በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ቀረ። ከነዚያ ሴቶች አንዷ በሰላም ሥራዋ የታወቀችው ዴካ ኢብራሂም አብዲ ነበረች። በሩዋንዳ ደግሞ የዘር ማጥፋቱን ወንጀል የዳኙት ጋቻቻ የሚባሉ የመንደር ሸንጎዎች እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ክስ አይተዋል። ነገር ግን በአሸናፊው ጦር የተፈጸመው በደል ከሸንጎው ውጭ ቀረ፣ የንብረት ካሳውም ለብዙ ሰው ሳይከፈል ቀረ። የአንዱን ወገን ደም ብቻ የሚቆጥር ሸንጎ ወሎም ላይ ቢመጣ ሰሚ አያገኝም።

የዋጂር ሴቶች ገበያ እኛ ዘንድ አለ፦ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬና በከሚሴ ዙሪያ ደም ሲፈስ አካባቢው ያጣው የሰው ሕይወትን ብቻ አልነበረም፤ ተማምኖ ገበያ መዋልንም ጭምር ነው። ስለዚህ በየገበያው ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ነጋዴ ሆና፣ ቢቀመጡ ሥራው ቀላልና የታወቀ ይሆናል። ፍየሌን ተነጠቅሁ የሚለውን በዚያው ቀን ማየት፣ በስልክ የሚዞረውን ወሬ ወደ ወሬው መንደር ደውሎ ማጣራት፣ መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል ለሁለቱም ወገን ዋሶች ቶሎ ማሳወቅ። ሴቶች በዱበርቲነት፣ ማለትም በመራቂ እናትነት ለዱዓ ይጠራሉ፤ ወደ ዳኝነቱ ክብ ግን እምብዛም አይገቡም። ገበያው ይህን ለመቀየር አመቺው በር ነው።

ክትትሉን ለቅሬ፣ ለወሎ ዕድር መስጠት ይሻላል። በወሎ ብዙ ቦታ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ቅሬ ደግሞ ማንም አባል የሚፈራው ቅጣት አለው። እርቁ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በቅሬው ዳኛ ዘንድ፣ አንዱ በወረዳ ፍርድ ቤት ይቀመጥ። የካሳው መጠን፣ የመክፈያው ቀን፣ የዋሶቹ ስም ይግባበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየሩብ ዓመቱ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ካሳው ተከፈለ ወይ? ገበያ አብረው ይውላሉ ወይ? ለቅሶ ይደራረሳሉ ወይ? ሦስተኛው "አይ" ከሆነ የቀሩት ሁለቱ አያስተማምኑም።

በየካቲት 2014 ኮሚሽነሮቹ የተሾሙለት አገራዊ ምክክር የአገሪቱን ትልልቅ ጥያቄዎች ይዟል፤ ይህን የመንደር ሥራ ግን ሊተካው አይችልም፣ አልተቋቋመበትምም። ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዛሬ በወሎ ገጠር ሽማግሌ ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው መልእክት ይዞ ሲሄድ በአንዱ ወገን ሰላይ፣ በሌላው ከሃዲ ይባላል። መንግሥትም ፋኖም ለሽምግልና የወጣ ሰው እንደማይያዝ፣ እንደማይመታ፣ ስልኩም እንደማይበረበር በስም ለታወቁ ሽማግሎች በይፋ ቃል ይግቡ፤ ቃሉን ያፈረሰውን ታጣቂ ደግሞ የራሱ አዛዥ ይጠይቀው።